ለአብሮ አደጌ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እትዬስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር፤ ተሻላቸው? ልጆቹስ? ትልቁ መቼም አሁን በቁመት በልጦሻል።

ከተጻጻፍን ስንት ጊዜ ሆነን! አንቺ ሐዋሳ፣ እኔ እዚህ፣ ሁለታችንም ልጅና ሥራ ላይ። ባለፈው ለቅሶ ቤት የድሮ ሰፈራችንን ሰዎች አገኘሁና ተመልሰሽ አራብሳ መግባትሽን ነገሩኝ። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! ስልክሽንም ሰጡኝ። ግን የምነግርሽ ነገር በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ረጋ ብለሽ እንድታስቢበትም ስለምፈልግ ጻፍኩልሽ።

እኔ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ የአዳማው የክፍያ መንገድ ከሚነሳበት ብዙም ሳይርቅ። ቤቱ ሲደርሰን ከብሎካችን ጀርባ የጤፍ ማሳ ነበር። አሁን አብዛኛው ቤት ሆኗል። ውሃ በፈረቃ ነው፣ የጠዋት ታክሲ ሰልፍ ነው፤ እሱን አንቺም አራብሳ ሆነሽ ታውቂዋለሽ። እድራችን ግን ጠንካራ ነው። የምጽፍልሽም በእድሩ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚሆነው ነገር ነው።

እዚያ አባት የሌላቸው ልጆች ይሰበሰባሉ። የሚበዙት ሴቶች ናቸው። የአንዳንዱ አባት ሞቷል። የአንዳንዱ ዘምቶ አልተመለሰም። የአንዳንዱ ደግሞ በሕይወት አለ፣ የት እንዳለ ግን የሚያውቅ የለም። እናቶቻቸው ጉሊት ይቸረችራሉ፣ የሰው ልብስ ያጥባሉ፣ ሕንፃ ሥራ ላይ አሸዋ ይሸከማሉ። አንዲት ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ደብተር፣ ዩኒፎርምና ለሴቶቹ ሞዴስ ታቀርባለች። እኛ የሰፈሩ ሰዎች ደግሞ ሦስት ሦስት፣ አራት አራት ልጅ ተከፋፍለን ይዘናል። እናስጠናቸዋለን። ከማስጠናቱ በላይ ግን እንጠይቃቸዋለን። ትምህርት ቤት ምን ተባለ? ማን አስቀየመሽ? ማታ ምን በላችሁ?

ብዙ ሰው ነገሩ የገንዘብ ብቻ ይመስለዋል። ገንዘቡማ ያስፈልጋል። የከተማው አስተዳደር ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማብላት ሲጀምር፣ ዩኒፎርምና ደብተርም ሲያድል፣ ለውጡን በዓይኔ አይቻለሁ። በባዶ ሆዱ ዴስክ ላይ ይተኛ የነበረ ልጅ ቀና አለ። ግን ምገባው እስከ 8ኛ ክፍል ነው። 9ኛ ሲገቡ ምሳው ይቀራል፣ ትምህርት ቤቱ ይርቃል፣ የታክሲ ይጨመራል። ደላላ የሚመጣው ልክ ያኔ ነው። «ዓረብ አገር ልላክሽ» የሚለውም፣ «ቦሌ ጥሩ ቤት ሠራተኛ ይፈልጋሉ» የሚለውም ልጅቷን የሚያገኛት በዚያ እድሜ ነው። ቤት ውስጥ ሲጎድል መጀመሪያ ከትምህርት የምትወጣው ሴቷ ናት። ታላቅ ከሆነችማ ታናናሾቿን የምታሳድገውም እሷው ናት። ስለዚህ 9ኛ የገቡትን በዓይነ ቁራኛ ነው የምንጠብቃቸው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ብር አይደለም። አንድ ነገር ልንገርሽ።

እኔ ከያዝኳቸው ልጆች አንዷ 7ኛ ክፍል ናት። በቀደም «ወላጅ አምጪ» ተብላ ከክፍል ተባረረች። እናቷ የቀን ሠራተኛ ናት። ከቀረች የዚያን ቀን አይከፈላትም፣ በማግስቱም ቦታዋን ሌላ ይይዘዋል። ስለዚህ ልጅቷ ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም። ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ትወጣለች፣ እስከ መውጫ ሰዓት ሜዳ ላይ ተቀምጣ ትመለሳለች። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሆነች። ቅዳሜ ፊቷን አይቼ ጠየቅኳት፤ አለቀሰች። ሰኞ ጠዋት ነጠላዬን ጣል አድርጌ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ዩኒት ሊደሩ «ምኗ ነሽ?» አለኝ። «ታላቅ እህቷ በያት» አልኩት። ጥፋቷ ምን ሆኖ ተገኘ መሰለሽ? ማርፈድ። ጠዋት ታናሽ ወንድሟን ኬጂ አድርሳ ነው የምትመጣው። ሳስረዳው ወዲያው ገባው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ይሄን ለመናገር አንድ ትልቅ ሰው በዚያ በር መግባት ነበረበት። እሷ ስትናገረው ሰበብ ነበር፤ እኔ ስናገረው ምክንያት ሆነ።

አንቺ ይሄን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አባትሽ ሲያርፉ 4ኛ ክፍል ነበርን። የሒሳብ አስተማሪያችንን አስታወስሻቸው? ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር «ካርድሽን አምጪ» ይሉሽ ነበር። ክፍል ከቀየርን፣ እሳቸውም እኛን ማስተማር ካቆሙ በኋላ እንኳ አልተውሽም። ብር ሰጥተውሽ አያውቁም። ካርድሽን ብቻ ያዩ ነበር። አንቺ ደግሞ እሳቸው ያዩታል ብለሽ ታጠኚ ነበር። እኔ አባት ነበረኝ፣ ግን ያንን ስቀናበት ትዝ ይለኛል።

ለሴቶቹ አንድ ቅዳሜ የወይዘሮ አበበች ጎበናን ታሪክ ነገርኳቸው። ጣሊያን በወረረን ጊዜ አባታቸው ሲገደሉ እሳቸው ጨቅላ ነበሩ። በአሥር ዓመታቸው ሳይፈልጉ ተዳሩ፤ ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። በ1972 ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሲሄዱ ወሎ ረሃብ ነበር። ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ይዘው ተመለሱ። በዓመቱ 21 ልጆች ሆኑላቸው። ባላቸው «ምረጪ» ሲሏቸው ልጆቹን መረጡ። በ2013 ሰኔ ማብቂያ ላይ እስኪያርፉ ድረስ የስንቱ እናት ሆኑ! ጨርሼ ስጠብቅ አንዷ እጇን አውጥታ «እሳቸውንስ ማን አሳደጋቸው?» አለችኝ። አያቶቻቸው ናቸው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከታሪኩ ሁሉ ልትይዘው የፈለገችው ያንን ነው።

አስተባባሪያችን በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ በተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» በሚባለው ፕሮግራም ሠርታለች። እዚያ የሚሰበሰቡት ከገጠር የመጡ፣ ሰው ቤት የሚሠሩ፣ ትምህርት ያልቀመሱ ልጃገረዶች ነበሩ። በፕሮግራሙ የሚሠሩት ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ፣ አሠሪዎችን እየለመኑ ነበር የሚያስመጧቸው። እኛም ያንን ይዘናል። ልጅ ከቀረች ቤቷ እንሄዳለን።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። ለወንዶቹ ልጆች ወንድ የለንም። ፈቃደኞቹ ከሞላ ጎደል ሴቶች ነን። አምና አንድ ጎበዝ ወጣት መጥቶ ነበር። ኳስ ያጫውታቸዋል፣ ፊዚክስ ያስረዳቸዋል፣ ወደዱት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራ አገኘና ቀረ። ቻው እንኳ አላላቸውም። አንዱ ልጅ «ድሮም ወንድ አይቆይም» አለኝ። ይህ ልጅ አባቱን አይቶት አያውቅም፤ ስሙን ግን ስም ጥሪ ላይ በየቀኑ ከራሱ ስም ቀጥሎ ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ ወደ አዳራሹ አልመጣም። አሁን የታክሲ ረዳት ሆኗል፣ በ14 ዓመቱ። ቤቱ ሄጄ ለምኜዋለሁ፣ ገና እለምነዋለሁ።

ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው። አባት ለቀረበት ልጅ፣ መጥቶ የሚጠፋ ሰው ጨርሶ ካልመጣው ይብሳል። በዓል ሲደርስ ዘይትና ዱቄት ይዘው መጥተው፣ ፎቶ ተነስተው የሚሄዱ አሉ። ዘይቱ ይበላል፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን የልጁን ስም አያውቁም። እኛ የሚያስፈልገን ደጋግሞ የሚመጣ ሰው ነው።

የሒሳብ ትምህርቱም ከብዶናል። በ2014ም በ2015ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ ናቸው። ልጆቹ ይሄን ሰምተዋል። «ታዲያ ለምን እንለፋለን?» ይሉናል። አይዟችሁ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ክፍልፋይን ከሥሩ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል።

እና አንቺ ሒሳብ አስተማሪ ነሽ። ነይልን። ቅዳሜ ከሰዓት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቢሆንም ይበቃል። ግን ከጀመርሽ ቢያንስ የምትይዣቸው ልጆች ሚኒስትሪ እስኪፈተኑ ድረስ ይሁን። ካልተመቸሽ በግልጽ ንገሪኝ፣ ቅር አይለኝም። አሁን እምቢ ብትይኝ ይሻላል፣ በኋላ ከምትቀሪ። ባለቤትሽንም ጠይቂልኝ። ኳስ ካወቀ እሰየው፣ ባያውቅም ቁጭ ብሎ የሚያወራቸው ከሆነ ይበቃል። ደንብ አለን፤ ማንም ብቻውን ከልጅ ጋር አይቀመጥም፣ የአዳራሹም በር ክፍት ነው። አስተባባሪያችንም አስቀድማ ታነጋግራችኋለች፣ ተያዥም ትጠይቃለች። እኔ ተያዥ እሆናችኋለሁ።

በጎሮ በኩል ነይ፣ ከዚያ የቱሉ ዲምቱ ታክሲ አለ። ለልጆቹ ከመታየትሽ በፊት ግን እኔ ቤት እንገናኝና ሁሉንም እንጨዋወት። ለመጻፍ ጊዜ ካጣሽ ደውዪልኝ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።

አብሮ አደግሽ