ሐረር ላይ በር ለከፈታችሁልኝ ሁሉ

ሰላም ወገኖቼ፣ የማስተርስ ቴሲሴን ዲፌንድ አድርጌ ጨረስኩ፣ ተመስገን! ስትደውሉ ስትጽፉ ለነበራችሁ ሁሉ ለየብቻ መመለስ ስላልቻልኩ እዚሁ ላመስግናችሁ።

ስራዬ ሐረር ጁገል (በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ) ውስጥ ስላሉት ግቢዎች ነው። ሐረር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ግንቡን፣ በሮቹንና 82ቱን መስጊዶች ነው፣ ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. መዝግቦታል፣ እኔን ግን ያሳሰበኝ ቤተሰብ ሲበዛ ግቢው በብሎኬት እየተሸነሸነ የድንጋይ ቤቱ በቆርቆሮ እየተተካ መሆኑ ነው፣ ይሄንን ደግሞ ጎግል ኧርዝ ላይ ቁጭ ብለህ አታገኘውም፣ ሰው በሩን ካልከፈተልህ ቴሲስ የሚባል ነገር የለም።

እና ከፈታችሁልኝ። ማንነቴን ሳታውቁ ጫማዬን አውልቄ ሜትር ይዤ ስገባ "ግባ ልጄ" ያላችሁኝ እናቶች፣ አላህ ይስጥልኝ። አንዷ እናት ጋር የነደባውን፣ ማለትም ቤት ውስጥ ያለውን ከፍ ያለ መቀመጫ መደብ፣ ከፍታ ተንበርክኬ እየለካሁ "ሜትሩን አስቀምጥና መጀመሪያ ተቀመጥበት" አሉኝ፣ ከዛ አሚር ነደባ የማን እንደሆነ፣ እንግዳ የት እንደሚቀመጥ፣ ከበሩ ኋላ ያለው ለማን እንደሆነ እዛው በቀዩ መደብ ላይ እያስቀመጡ እያስነሱ አሳዩኝ፣ ቡናም አጠጡኝ። ከዛን ቀን ወዲህ የሳልኩት ሴክሽን (ቤቱ ተቆርጦ ውስጡ ከጎን ሲታይ የሚያሳይ ስዕል) በሙሉ ሰው ተቀምጦበት ነው የተሳለው፣ ጁሪውም ብዙ የጠየቀኝ እሱን ነው።

አድቫይዘሬ ድራፍቱን በቀይ እስክሪብቶ ሞልተው ሲመልሱልኝ ከፍቶኝ ነበር ግን እያንዳንዷ ኮሜንት ስራውን አድናዋለች፣ ክበሩልኝ። ሃርድ ዲስኬ ሲሞት ደግሞ ዶርም ጓደኞቼ የራሳችሁ ዴድላይን እያለ ከወረቀት ስኬቹ ላይ ፕላኖቹን አውቶካድ ላይ እየተካፈላችሁ እንደገና ሳላችሁልኝ፣ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ እየተዋዋስን፣ ይሄን ውለታ በምን እንደምከፍል አላውቅም። እማዬ፣ ሌሊት ሌሊት ለጸለይሽው ጸሎት ዕድሜ ይስጥሽ።

ጁገል ያላችሁ ቤተሰቦች፣ የየቤታችሁ ፕላንና ሴክሽን በትልቁ ፕሪንት እየተደረገ ነው፣ ራሴ ይዤላችሁ እመጣለሁ፣ ቤቱን ስታድሱ ለግንበኛው አሳዩት። ሐረር ላይ የምትሰሩ ተማሪዎችም ድሮዊንጎቹን ከፈለጋችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ፋይሉን እልካለሁ።