የውሃ ዕድሜ እንዴት ይቆጠራል? ለእማዬ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። «ጥርሱ አይታይ እንደ ከብት፣ የውሃ ዕድሜ በምን ይታወቃል?» ላልሽኝ በስልክ ጥድፊያ ከምመልስልሽ ብዬ ጻፍኩልሽ።

ዝናብ መሬት ውስጥ ሲሰርግ አየር ሟሙቶበት ይገባል። አየሩ ውስጥ ክሪፕተን የሚባል ጋዝ አለ፤ ከሚሊዮን አንድ እጅ ገደማ። ከእሱም እጅግ ጥቂቱ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር የሚፈጥረው ክሪፕተን-81 ነው። ውሃው ከአየር ከተለየ በኋላ አዲስ አይጨመርበትም፣ ያለው እየፈረሰ በየ229 ሺህ ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ሩቡ ብቻ ከቀረ ውሃው 458 ሺህ ዓመት ሆኖታል። ሌላው የዕድሜ መለኪያ፣ ካርቦን-14 የሚባለው፣ ከ40 ሺህ ዓመት ብዙም አይዘልቅም፤ ያውም ከኖራ ድንጋይ የሚሟሟ አሮጌ ካርቦን ያሳስተዋል። ክሪፕተን ግን ከድንጋዩ ጋር አይዋሃድም፤ እኔ እሱን የማምነው ለዚህ ነው።

ችግሩ ማነሱ ነው። አንድ ሊትር አዲስ ውሃ ውስጥ ያለው ክሪፕተን-81 ከአንድ እስከ ሁለት ሺህ አቶም ቢሆን ነው። ከእነዚህ አንዱ እስኪፈርስ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ያስጠብቃል። ስለዚህ መፍረሱን ከመጠበቅ አቶሙን ራሱን በሌዘር ይዞ መቁጠር ይሻላል።

ከባዱ ሥራ ጉድጓዱ ዳር ነው። መጀመሪያ ቧንቧው ውስጥ የቆመው ውሃ እስኪያልቅ ይሳባል። ከዚያ ውሃው በተዘጋ ቱቦ ጋዙን ወደሚለይ ማጣሪያ ይገባል፤ ጋዙ ሲሊንደሩን ደጋግሞ ካጠበ በኋላ ይሞላበታል። የጠላ ጋን ስትመርጊ አየር የሚያስገባ ስንጥቅ እንደማትተዪ ሁሉ እዚህም አንድ የላላ መጋጠሚያ ሥራውን ያበላሻል፤ የዛሬ አየር ሲገባ ውሃው ወጣት ይመስላል። ደግነቱ ምስክር አለ፤ ክሪፕተን-85። ይህ በአብዛኛው የኑክሌር ነዳጅ ሲጣራ የሚወጣ ስለሆነ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ በፊት የገባ ውሃ ውስጥ አይገኝም። ከተገኘ ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ አዲስ ውሃ ተቀላቅሏል።

ቤተ ሙከራ ሲደርስ የጋለ ቲታኒየም ናይትሮጅኑንና ኦክስጅኑን ይውጣል፤ ክሪፕተኑ በፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘ ከሰል ላይ ከአርጎኑ ይለያል። የሚቀረው ከአንዲት ጠብታ ያነሰ ጋዝ ነው። ልኩ ለክሪፕተን-81 ብቻ የተስተካከለ ሌዘር አቶሙን አዘግይቶ ይይዘዋል፤ የተያዘችው አንዲት አቶም እንደ ነጥብ ስታበራ ካሜራው ያያታል። የቀደመው ናሙና አቶሞች ግን ከመሣሪያው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ስለሚቀሩ፣ በየመሐሉ በዜኖን ጋዝ ከአንድ ቀን በላይ ማጠብ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ጉድጓዱ ከላይና ከታች ውሃ የሚስብ ከሆነ ቁጥሩ ይዋሻል። እኩል የዛሬ ውሃና እኩል የሚሊዮን ዓመት ውሃ ቢቀላቀል ልኬቱ 210 ሺህ ዓመት ገደማ ይላል፤ ያንን ዕድሜ ያለው ውሃ ግን እዚያ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት የግብጽ ምዕራባዊ በረሃ የከርሰ ምድር ውሃ ከ200 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኘ። ያኔ በቶን የሚቆጠር ውሃ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ አሥር ሃያ ሊትር ይበቃል። በረዶም እንዲሁ ነው፦ በአንታርክቲካ ቴይለር የበረዶ ግግር ላይ 350 ኪሎ ያህል በረዶ አየሩ በተመጠጠ በርሜል አቅልጠው፣ ከውስጡ በወጣው አየር 120 ሺህ ዓመት ገደማ እንደሆነው አወቁ።

«ታዲያ ዝናብ አይተካውም?» እንደምትዪ አውቃለሁ። የግብጹን አይተካውም፣ እማዬ። የዘነበው በረሃው እርጥብ በነበረበት ዘመን ነው፤ ዛሬ እዚያ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል።

መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ