ከእማማ ባና የተሰፋው ቦርሳ

ሐዋሳ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ክብሩ ይስፋ ደህና ነን።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩሽ። ምክንያቱን ሳታውቂው አትቀሪም። የእማማን መርዶ የሰማሁት አርባቸው ከወጣ በኋላ ነው። ያኔውኑ ተነስቼ መምጣት ነበረብኝ። «አሁን በምን ፊቴ እገባለሁ?» እያልኩ ቀረሁ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም ዓመት። ለመደወል እንኳ እጄ ከበደኝ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ቦርሳውን ስለጨረስኩ ነው። ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ እማማ ያንን አሮጌ የመንዝ ባና ለሁለት ቀደው ግማሹን ሰጥተውኝ ነበር። አንቺ «ለሐዋሳ ሙቀት ባና ምን ያደርግላታል?» ስትያቸው፣ «ጨርቅ ሥራ አያጣም» አሉሽ። ነሐሴ ላይ ከሣጥን ሳወጣው ብል ጠርዙን በልቶታል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለቅሶውን ያን ቀን ደረስኩ ማለት ነው።

የመርፌና የክር መያዣ ላደርገው ወሰንኩ። አሜሪካኖች «ፕሪሚቲቭ» የሚሉት የእጅ ስፌት አለ። የድሮ የገጠር ቤት ዕቃን የሚመስል፣ ቀለሙ ደብዘዝ ያለ፣ ስፌቱ በግልጽ የሚታይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴቶቻቸው ያረጀ የሱፍ ካፖርትና ብርድ ልብስ ይቆራርጡ ነበር። በሳንቲም ዙሪያ ክብ እየሳሉ፣ ክቡን እየደራረቡ የጠረጴዛ ልብስ ይሰፉበታል። ይሄ የእማማ ሙያ አይደለም እንዴ?

ባናውን በጣም በሞቀ ውሃና በሳሙና አሸሁት። ሱፍ እንዲህ ሲታሽ ይኮማተርና ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ብትቆርጪውም ጫፉ አይተረተርም። አንዱን ቁራጭ አብዝቼ አሽቼው የመዳፌን ያህል ቀረ። እሱን መርፌ መሰኪያ አደረግሁት። ለቦርሳው አካል አቡጀዲ ገዛሁ። ስታርቹ እንዲለቅ አጥቤ፣ የቡና አተላ አፍልቼ ዘፈዘፍኩት። ሳይጨመቅ ስለደረቀ አንዱ ጋ ጠቆር፣ ሌላው ጋ ፈዘዝ አለ። እንደዚያ ነው የወደድኩት።

እነሱ ከፊቱ ላይ ቁራ ወይም በግ ይለጥፋሉ። እኔ ያንን ረጅም አሞራ፣ አባ ኮዳን አደረግሁበት። እዚህ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ስንበላ አጠገባችን ቆሞ እማማን ያሳቃቸውን ማለቴ ነው። ክንፉ ከጥቁሩ ባና፣ ሆዱ ከነጭ ጥጥ ነው። ቀጫጭን እግሮቹን በክር ብቻ ሠራኋቸው። ዙሪያውን በወፍራም ክር፣ እያንዳንዱን ስፌት ጫፉ ላይ እየቆለፍኩ ዘመዘምኩት። በማሽን ቢሆን በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር። አልፈለግሁም። ማታ ማታ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ጥቂት ጥቂት እየሰፋሁ ሦስት ወር ፈጀብኝ። አንገቱን ሁለት ጊዜ ፈትቼዋለሁ፤ ዳክዬ እየመሰለ አስቸገረኝ። ብል የበላውን ጠርዝ ግን አልጣልኩም። ከቁልፉ ሥር ነው ያለው፣ ስታዪው ታውቂዋለሽ።

ለገና እመጣለሁ። ቦርሳው ያንቺ ነው። ውስጡ ሦስት ኪስ አለው፤ አንዱ ለክር፣ አንዱ ለሜትር። ሦስተኛው ጠበብና ረዘም ያለ ነው። እማማ ከመሶቡ ጀርባ ይሰቅሉት የነበረውን መቀስ በዓይኔ ለክቼ ነው የሰፋሁት። መቀሱ ካለ ከተሰቀለበት አታውርጂው፣ አብረን እናስገባዋለን።

የምትናፍቅሽ እህትሽ