የታሪክና ሥነ ጥበብ ክበብ፦ የቼሮኪ ሕዝብ ግዞት በቀለምና በዜማ

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የቼሮኪ ሕዝብ ከደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ከአባቶቹ ምድር ተነቅሎ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው አገር የተጋዘበትን ታሪክ በሥዕልና በሙዚቃ ማሳየት።

ተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ በረዶና የሚያለቅሱ ሰዎችን ብቻ ለመሣል ቸኩለው ነበር። እኔ ግን ምን እንደተቀሙ ሳይታወቅ ልቅሶው ብቻ ከታየ ተመልካቹ ያዝናል እንጂ በደሉን አይረዳም ብዬ አጥብቄ ተከራከርኩ። ስለዚህ የዐውደ ርእያችን መግቢያ የቼሮኪዎች ዋና ከተማ የነበረችው ኒው ኢቾታ ሆነች። ሴኳያ የተባለው ሰው የቀረጸው የቼሮኪ ፊደል በግድግዳው ላይ በትልቁ ተጻፈ። በዚህ ፊደልና በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ1828 የራሳቸውን ጋዜጣ ማሳተም ጀምረው ነበር።

ቀጥሎ ሕጉ መጣ። በ1830 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ነባር ሕዝቦችን ከምድራቸው የሚያፈናቅለውን ሕግ ፈረሙ። በ1835 ጥቂት ቼሮኪዎች ያለ ሕዝቡ መሪ ያለ ጆን ሮስ ፈቃድ መሬቱን አሳልፈው የሚሰጥ ውል ተፈራረሙ። ከ15 ሺህ በላይ ስም የሰፈረበት አቤቱታ ቢቀርብም የአሜሪካ ሴኔት ውሉን ለሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ በጭንቅ በበቃ ድምፅ አጸደቀው። በ1838 ወታደሮች ሕዝቡን ከየቤቱ እያወጡ በጦር ካምፖች አጎሩት። ከተጋዙት 16 ሺህ ገደማ ሰዎች መካከል 4 ሺህ ያህሉ በካምፕና በመንገድ እንዳለቁ ይገመታል።

ከሁሉ ያደከመን ቅርጫቱ ነው። የቼሮኪ ሴቶች ቅርጫት የሚሠሩበት የወንዝ ዳር ሸንበቆ የቀርከሃ ዘመድ ስለሆነ ስንጥቅ ቀርከሃ ገዛን። ሥራው እንደ መሶብ በወስፌ እየተሰፋ አይዞርም፤ ከውስጠኛው መቀመጫ ተጀምሮ ግድግዳው ወደ ላይ ይጎነጎናል፣ ከንፈሩ ላይ ይታጠፍና በውጭ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ስንጥቁ ሲደርቅ እየተሰበረ ልጆቹን ደጋግሞ አስጀመራቸው። በአዲሱ አገር ሸንበቆው እንደ ልብ አልተገኘምና ቅርጫት ሠሪዎቹ ወደ ሐረግና ወደ ቁጥቋጦ ጭራሮ ዞረዋል፤ ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን አቀረብናቸው።

በሙዚቃው በኩል የቼሮኪ ወንዶች እየመሩና እየተቀበሉ ሲዘፍኑ ሴቶቹ እግራቸው ላይ ባሰሩት ጠጠር የያዘ የኤሊ ቅርፊት ምቱን የሚጠብቁበትን ጭፈራ አጠናን። ጭፈራው ሃይማኖታዊ ሥርዓት ስለሆነ መድረክ ላይ አልሠራነውም፤ ይህን ውሳኔ ያቀረቡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ ኮርቼባቸዋለሁ። በምትኩ የራሳቸውን ዜማ በክራርና በዋሽንት ደርሰው በወላጆች ቀን አቀረቡ።

የመጨረሻውን ሥዕል የጨመሩት የአሥረኛ ክፍል ልጆች ናቸው። የዛሬዋን ታህሌኳ፣ የቼሮኪ ብሔር መዲናን፣ እና በራሳቸው ቋንቋ የሚዘምሩ ወጣቶችን ያሳያል። ያለ እርሱ ጎብኚው ሕዝቡ የጠፋ መስሎት ይወጣ ነበር። ሥራዎቹ እስከ መስከረም በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ይቆያሉ።