የማን ልጅ ናት?

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ልጆቹስ? እናትሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ከናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ እንዲህ ስጀምር እንደሚከፋሽ አውቃለሁ። አባባ ያረፉ ጊዜ የጻፍሽልኝን እስካሁን አልደመሰስኩትም። እኔ ከቀብራቸው ቀርቼ አንቺ በእኔ ቦታ ቆመሽ፣ አልቃሿ ዘራቸውን እየጠራች ስታወርድ የሰማሽውን ሁሉ ጽፈሽልኝ ነበር። ብዙ ጊዜ መልስ ጀምሬ ተውኩት። መጀመሪያ ሐዘኑ ነው፤ ኋላ ደግሞ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ማፈሩ በረታብኝ። ይቅር በይኝ። ዛሬ የጻፍኩልሽ አንድ ነገር ውስጤ አላስቀምጥ ስላለኝ ነው፤ ከአንቺ ሌላ የሚገባው ሰውም የለኝ።

ሥራዬ አሁንም ሆም ኬር ነው። ከቦስተን ወጣ ብሎ የሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት እጠብቃለሁ። እማማ እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ ሌላ ስም አይፈልጉም። ዓይናቸው ደክሟል፣ ልባቸው ግን ንቁ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ የጫማ ካርቶን አስወረዱኝና «አንብቢልኝ» አሉኝ። አያታቸው በእጃቸው የጻፉት የዘር ሐረግ ነው። ቀለሙ ቡና መስሏል፣ ወረቀቱ ከታጠፈበት ሊቆረጥ ደርሷል። ከላይ «ሜሪ ዳየር» ይላል፤ ከስሟ በላይ ደግሞ ዘውድ ተስሏል።

እኔም የአባባ ልጅ ነኝና መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «የማን ልጅ ናት?» የሚለው ነው። እማማ ዘውዱን በጣታቸው ዳሰሱና «የንጉሥ ዘመድ ናት ይባላል» አሉኝ።

ሜሪ ዳየር ፒዩሪታን ከሚባሉት አጥባቂ ፕሮቴስታንቶች ጋር ከእንግሊዝ ወደዚህ አገር የተሻገረች ሴት ናት። ከባሏ ከዊልያም ጋር በ1635 የቦስተን ቤተ ክርስቲያን አባል ሆነች፤ በ1660 ደግሞ እዚያው ቦስተን ውስጥ በስቅላት ሞተች። ሞቷን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሐውልትም ቆሞላታል። አባቷን ግን የሚነግርሽ የለም።

ምክንያቱ ይገባሻል። እዚህ ሴት ስታገባ ብዙ ጊዜ የአባቷ ስም ይወድቃል። እኔም አንቺም አግብተን ወልደን ዛሬም በየአባታችን ስም ነው የምንጠራው። የእነሱ መዝገብ ግን «ሜሪ፣ የእገሌ ሚስት» ብሎ ያልፋል። አንዳንዴማ ስሟንም ትቶ «ሚስቱ» ብቻ ይላል። ከዚያ ወደ ላይ ለመውጣት ጋብቻዋ የተመዘገበበትን ደብር፣ የወንድሟን የውርስ ወረቀት፣ የአባቷን ኑዛዜ ማሰስ ግድ ይላል።

የሜሪ ጋብቻ የተገኘው ለንደን፣ ሴንት ማርቲን ኢን ዘ ፊልድስ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ነው፦ ኦክቶበር 27 ቀን 1633፣ ዊልያም ዳየርና ሜሪ ባሬት። ወዲያው በተከታዩ ክረምት ዊልያም ባሬት የሚባል ወንድሟ ሞቶ፣ ንብረቱን እንዲያስተዳድሩ ሥልጣን የተሰጣቸው ሜሪና ባሏ መሆናቸው ተጽፏል። የባሬት ልጅ መሆኗና ወንድም እንደነበራት የታወቀው በዚህ ነው። ከዚያ በላይ በሩ ዝግ ነው።

ዘውዱ የመጣው ከየት መሰለሽ? አርቤላ ስቱዋርት የምትባል የንጉሥ ጄምስ የአጎት ልጅ ነበረች። ንጉሡ ሳይፈቅድ ዊልያም ሲሞርን በስውር ስላገባች ታስራ በ1615 እስር ቤት ሞተች። ሜሪ የእሷ የተደበቀች ልጅ ናት የሚለው ወሬ በ19ኛው መቶ ዘመን ተሰራጨ። አርቤላ ልጅ መውለዷን የሚያሳይ የዘመኑ ጽሑፍ ግን የለም። ደግሞስ ያ ወንድም የማን ሊሆን ነው?

ይህን ለእማማ እንዴት ልንገራቸው ብዬ ሦስት ቀን ተጨነቅሁ። ሰማንያ ዓመት ያመኑትን ነገር እኔ ማን ሆኜ ነው የምነጥቃቸው? በመጨረሻ ወተት ያለበት ሻይ ሰጥቻቸው፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ወረቀቱን አስመጡና ዘውዱን በእርሳስ ሰረዙት። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መስመሩ ጠምሞ ወጣ። «ባሬት ብለሽ ጻፊበት» አሉኝ። እኔ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራችን ይኸው ሆነ። ቦስተን መሀል ኒውበሪ ስትሪት ላይ በ1845 የተመሠረተ የዘር ሐረግ ማኅበር አለ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለአንዲት ከተማ ብቻ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ታገኚያለሽ። ቀኖቹን ማንበብ አስቸጋሪ ነው። ያኔ የእንግሊዞች ዘመን የሚለወጠው ማርች 25 ነበር፤ ፒዩሪታኖቹ ደግሞ የወሮቹን ስም ከጣዖት የመጣ ነው ብለው ስለሚጠሉት በቁጥር ይጽፋሉ። «አንደኛ ወር» ሲሉ ማርች ነው፤ «አሥራ ሁለተኛ ወር» ሲሉ ፌብሩዋሪ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ በሁለት የዘመን አቆጣጠር የኖርኩ ነኝና አልከበደኝም። እማማ በዚህ በጣም ይገረማሉ።

የሜሪ ልጆችም ስም አለልሽ። አንዱን ማኸር ሻላል ሐሽ ባዝ ብላዋለች፤ ከኢሳይያስ ምዕራፍ 8 የተወሰደ ነው፤ ምርኮ ፈጠነ፣ ብዝበዛ ቸኮለ ማለት ነው። የእኛም ሴቶች የሆዳቸውን በልጅ ስም ይናገሩ የለ!

አሁን ወዳላስቀመጠኝ ነገር ልምጣ።

ሜሪ ቦስተን ስትደርስ አን ሃቺንሰን ከምትባል ሴት ጋር ወዳጅ ሆነች። አን አዋላጅነት የምታውቅ፣ ቤቷ ሴቶችን ሰብስባ ስብከት የምትተረጉም፣ አሥራ አምስት ልጅ የወለደች ሴት ናት። ካህናቱ ፈሯት። በኦክቶበር 1637 ሜሪ ሕፃን ሞቶ ተወለደባት፤ አካሉም ያልተስተካከለ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ የእግዚአብሔር ቁጣ ተደርጎ ስለሚታይ አን ከሌላዋ አዋላጅ ጋር ሆና በምስጢር ቀበረችላት። አምስት ወር ምስጢሩን ጠበቀችላት።

በማርች 1638 አን በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ተወግዛ «ውጪ» ስትባል፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ሜሪ ተነሥታ እጇን ያዘችና አብረው ወጡ። ማን ናት ተብሎ ሲጠየቅ የዚያ ልጅ ነገር ተነሣ፤ አገረ ገዢው ጆን ዊንትሮፕ መቃብሩን አስቆፈረ። ያየውንም ጻፈው፤ ወሬው እንግሊዝ ድረስ ሄደ። እናት ናትና አስቢው። ይህን ለእማማ ሳነብ ድምፄ ተቆርጦ ለማቆም ተገድጃለሁ። አንቺም የእኔን አራስ ቤት ታስታውሻለሽ፤ አጠገቤ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ ለሰው ሁሉ ምን እንደምትዪ አውቀሽ የሸፈንሽኝም አንቺ ነሽ። እጅ ይዞ መውጣት ምን እንደሆነ ያሳየሽኝ አንቺ ስለሆንሽ ነው ሜሪን ያወቅኋት።

ሁለቱም ቤተሰብ ወደ ሮድ አይላንድ ተሰደደ። አን ባሏ ከሞተ በኋላ ዛሬ ኒውዮርክ ወደሚባለው አካባቢ ሄዳ በ1643 አብረዋት ከነበሩት ልጆቿ ከአብዛኞቹ ጋር ተገደለች። ሜሪ ወደ እንግሊዝ ተመልሳ ዓመታት ቆይታ በ1657 ኩዌከር ሆና መጣች፤ ኩዌከሮች እግዚአብሔር ያለ ካህን በእያንዳንዱ ሰው ልብ ይናገራል የሚሉ ክርስቲያኖች ናቸው። ቦስተን ያለችበት ግዛት ማሳቹሴትስ የተባረረ ኩዌከር ከተመለሰ ይሙት የሚል ሕግ አወጣች። ሜሪ ተመለሰች። በ1659 ከሁለት ሰዎች ጋር ወደ መስቀያው ሲወስዷት፣ ሲናገሩ እንዳይሰሙ ከበሮ ይመታ ነበር። ሁለቱ ሲሰቀሉ አየች፤ እሷ ገመዱ አንገቷ ላይ እያለ ምሕረት ተባለ። ቀኑ ኦክቶበር 27 ነው። የሠርጓ ቀን፣ ሃያ ስድስተኛ ዓመት! ይህን ያስተዋልኩት ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነው፤ እማማም እኔም ለረጅም ጊዜ አልተናገርንም። በተከታዩ ጸደይ ደግማ ተመለሰች። ባሏ ሚስቴን ማሩልኝ ብሎ ለአገረ ገዢው የጻፈው ልመና ዛሬም ይነበባል፤ ከግማሽ ዓመት በላይ ዓይኗን አላየሁም ይላል። ጁን 1 ቀን 1660 ሰቀሏት።

እኔን ከዚህ ሁሉ የያዘኝ ግን ከዚያ የተከተለው ነው። የሜሪ ልጅ ሳሙኤል የአን ሃቺንሰንን የልጅ ልጅ አገባ። የሙሽራዋም ስም እንደ አያቷ አን ነው። አባቷ ኤድዋርድ ያ የሞት ሕግ ሲወጣ አልስማማም፣ ተቃውሞዬ ይመዝገብ ካሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነው። እጅ ለእጅ ተያይዘው የወጡት ሁለት ሴቶች ከሞቱ በኋላ በልጆቻቸው ተዛመዱ። ከሳሙኤል የወረደ ሁሉ የሁለቱም ልጅ ነው። እማማ በሳሙኤል በኩል ናቸው፤ አያታቸው ግን ዘውዱን ሲስሉ ይህችን ሙሽራ «ሚስቱ» ብለው ነው ያለፏት።

ሐረጉን ወደ ታች ስናወርድ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦብን ነበር። የሮድ አይላንዷ የኒውፖርት ከተማ መዝገቦች በ1779 እንግሊዞች ለቀው ሲወጡ በመርከብ ተጭነው ኒውዮርክ አጠገብ ሰጠሙ፤ ከውኃ ቢወጡም ብዙው ተበላሽቷል። ያን የተቆረጠ ቦታ የሞላልን የሌላ ከተማ ኑዛዜ ነው። አንድ አባት ለልጁ አልጋና የብረት ድስት ሲተው በባሏ ስም ጠርቷታል። በአንድ ድስት ምክንያት አንዲት ሴት ከአባቷ ጋር ተገናኘች።

አንድ ቅዳሜ እማማ «አንቺስ? ያንቺን ቁጠሪልኝ» አሉኝ። አባባ እንዳስጠኑኝ የወንዶቹን እስከ ሰባት ቤት አወረድኩላቸው። እናቶቹን ሲጠይቁኝ ከአያቴ በላይ አልሄድ አለኝ። አባባ ግን ያውቁ ነበር። ርስት በእናትም በአባትም ስለሚወረስ፣ ለሙግት ሲሉ ከዋናው አባት ጀምሮ ሴቶቹን ሁሉ በስም ይጠሩ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1967 መሬት ላራሹ ሲሆን ሙግቱ ቀረ፤ እኔም «አባባ፣ ይህ ምን ያደርጋል?» እያልኩ አልሰማኋቸውም። አሁን የሚጠየቁ የሉም።

አክስቴ ግን አሉ። ለአንቺ የማስቸግርሽም ይህንን ነው። ደብረ ማርቆስ ለገበያ ስትወጪ እባክሽ እሳቸው ዘንድ ጎራ በይ። ጠዋት ይሻላል፤ ከቡና በኋላ ልባቸው ይከፈታል። ስልክሽን ከፍተሽ አጠገባቸው አስቀምጪና ሳታቋርጪያቸው ይናገሩ። በእናታቸው በኩል ይጀምሩ፤ ከየት አገር እንደተዳረች፣ ለምን እንደመጣች፣ ወንድም እንደነበራት ሁሉ ጠይቂልኝ። የአባባ አያት እናት በባላቸው ስም ብቻ ነው የሚታወሱት፤ የእሳቸውን ስም ስትሰሚ ሁለቴ አስደግሚያቸው፤ የማን ልጅ እንደሆኑም ጠይቂ።

ያንቺው
እህትሽ፣ ከቦስተን