የድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ ይታሰብበት

ክቡር አዘጋጅ፦

ስለ አሮጌው የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ አዲስ አበባው ለገሃር ነው። የመስመሩ ልብ ግን ድሬዳዋ ነበረች። ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ወጪ ስለሚያበዛ በግርጌው አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1902 በደረሰበት ሜዳ ላይም ከተማ ተቆረቆረ። ከዚራ የባቡሩ ሰፈር ሆነ፤ የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካዎችም ኋላ ተከትለው መጡ።

ወርክሾፑን ገብቶ ያየ ሰው ቁጭቴ ይገባዋል። ብረት ቀልጦ በቅርጽ ይፈስሳል፣ በቶርኖ ይስተካከላል፣ ብዙው መለዋወጫ እዚያው ተሠርቶ ይገጠም ነበር። ስንት የድሬዳዋ ቤተሰብ በዚህ ሙያ ልጅ አሳድጓል!

አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ማለፉን አልቃወምም፤ የአንድ ሜትሩ ጠባብ ሐዲድ ዘመን አልፎበታል። የምለምነው ማሽኖቹ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ እንዳይታዩ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጡረታ የወጡት ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ የሚያውቁት ይቀረጽ። ማሽኑ ጥቂት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል፣ እነሱ ግን አርጅተዋል። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ካሜራ ይዘው ከአዛውንቶቹ ጋር ወርክሾፑ ውስጥ ቢውሉ ሥራው ነገውኑ ሊጀመር ይችላል።

አንድ የድሬዳዋ ነዋሪ