ከመጋቢት እስከ ግንቦት አክሶሎትል የማናስረክብበት ምክንያት

ጎንደር፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ! ከገና ወዲህ ወደ ሱቃችን ከሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁን ስለ አንድ እንስሳ ነው። ልጆች በማይንክራፍት ጨዋታና በስልክ ቪዲዮ አይተው የወደዱትን፣ ውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት ስንጥቡ ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ የሚታየውን አክሶሎትል። «መቼ ይገባል? ዋጋውስ?» ትሉናላችሁ። ትእዛዝ መቀበላችንን አላቆምንም። ሆኖም ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ ለማንም አናስረክብም፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን የአኳሪየማችሁን ውሃ ሳንመረምር እንስሳውን አንሰጥም። ቀብድ ከፍላችሁ የምትጠብቁ ቅር እንዳላችሁ ስለምናውቅ ምክንያቱን በግልጽ ልንነግራችሁ ይገባል።

ብዙዎቻችሁ «ዓሣው» ትሉታላችሁ፤ ዓሣ ግን አይደለም፣ እንሽላሊት የሚመስለው የእንቁራሪት ዘመድ የሳላማንደር ወገን ነው። ከሌሎቹ ሳላማንደሮች ብዙዎቹ ሲያድጉ ስንጥባቸውን ጥለው ወደ የብስ ይወጣሉ። አክሶሎትል ስንጥቡን እንደያዘ እዚያው ውሃ ውስጥ ያድጋል፣ እዚያው እንቁላል ይጥላል፣ እዚያው ያረጃል። እግሩ ቢቆረጥ መልሶ ያበቅላል። በጥሩ አያያዝ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራል፤ ስለዚህ ዛሬ ለአንደኛ ክፍል ልጅ የምትገዙት እንስሳ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም ቤታችሁ ሊኖር ይችላል። ይህን አስቀድማችሁ በቤተሰብ ተነጋገሩበት።

አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ በሜክሲኮ ሲቲ ደቡባዊ ክፍል ያለው የሶቺሚልኮ ሐይቅና ቦዮቹ። ቦታው ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ በመሆኑ ከከተማችን ከፍታ ብዙም አይርቅም። እዚያ በተፈጥሮ የቀረው በጣም ጥቂት ነው፤ ዝርያው ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ውስጥ ተመዝግቧል። ንግዱም በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። ለዚህ ነው ሕጋዊ ፈቃድ የሌለውንና በእርባታ ያልተወለደውን የማናስገባው፣ ዋጋውም የማይረክሰው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አክሶሎትል የደጋ ፍጥረት ነው። የሚስማማው ውሃ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ነው። ከ20 ሲያልፍ መጨነቅ ይጀምራል፤ 24 ሲደርስ መብላት ያቆማል፣ ስንጥቡ ላይ ነጭ ሻጋታ ይወጣበታል፣ ሙቀቱ ከሰነበተም ይሞታል። ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ሲሆን የእንስሳው የኦክስጅን ፍላጎት ደግሞ በሙቀት ይጨምራል። ጎንደር በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ውሃው ትንሽ ያገግማል፤ የድንጋይ ቤት ምድር ቤት ያላችሁማ ከሁሉም የተሻለ ዕድል አላችሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ኮርኒስ በሌለው ክፍል ውስጥ ግን ከሰዓት በኋላ አኳሪየሙ ምን ያህል እንደሚሞቅ አሁኑኑ ቴርሞሜትር አስገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። እባካችሁ እዩት።

ማቀዝቀዣ መንገድ አለ። ትንሽ ቬንትሌተር የውሃውን ገጽ እንዲመታ ካደረጋችሁት ጥቂት ዲግሪ ያወርዳል፤ የሚተነውን ውሃ መተካት ብቻ አትርሱ። በረዶ የሆነ ሃይላንድ እያፈራረቁ ማንሳፈፍም ይረዳል፤ ግን ውሃው በአንድ ጊዜ እንዳይቀዘቅዝ ቀስ እያላችሁ ነው። መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩም ፍሪጁም ውሃ የሚያጣራው ፊልተርም አብረው ይቆማሉ። አዲስ ቤት የገባ፣ በጉዞ የደከመ እንስሳ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲችል መጠበቅ ጭካኔ ሆኖ ታየን። ክረምት ሲገባ ግን አየሩ ራሱ ያግዛችኋል።

እስከዚያ ያለው ጊዜ ባክኖ የሚቀር አይምሰላችሁ፤ ውሃው የሚዘጋጅበት ነው። የእንስሳው ዓይነ ምድርና የምግብ ትርፍራፊ አሞኒያ ይፈጥራል፤ አሞኒያ ደግሞ ስንጥብና ቆዳ ያቃጥላል። ፊልተር ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፣ እሱም መርዝ ነው፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ መጠን እስኪራቡ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ አኳሪየሙን በሚያዝያ አጋማሽ ውሃ ሙሉት፣ ፊልተሩን አስነሱ፣ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል አድርጉበት። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት ከ20 ሚሊግራም በሊትር በታች የሆነ ዕለት ዝግጁ ነው። ለአንድ አክሶሎትል ቢያንስ 75 ሊትር የሚይዝ መስታወት ያስፈልጋል፤ ሲያድግ እስከ 30 ሴንቲሜትር ሊረዝም ይችላልና።

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል ወይም ሮቶ ያለው ቤት ይመቸዋል። ክዳኑ ተከፍቶ አንድ ቀን ያደረ ውሃ ክሎሪኑ በአብዛኛው ይወጣለታል፤ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ብትጨምሩ ደግሞ ይበልጥ አስተማማኝ ነው። ውሃ አጋር የተጨመረበትን ውሃ እንዳለ አትጠቀሙ። የዝናብ ውሃ ብቻውንም ማዕድን ስለሌለው አይበጅም። አኳሪየሙን በኦሞ ወይም በበረኪና አትጠቡት። የፊልተሩን ስፖንጅ ደግሞ ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ብቻ አለቅልቁት፤ ቧንቧ ሥር ከታጠበ የወራት ልፋታችሁ በክሎሪን ያልቃል።

ጠጠር አታስገቡ። አክሶሎትል ምግቡን አፉን ከፍቶ ከውሃ ጋር ስቦ ስለሚውጥ ጠጠሩንም ይውጠዋል፣ አንጀቱም ይዘጋል። ባዶ መስታወት ወይም በጣም የላመ አሸዋ ይበቃል። ምግቡ የምድር ትል ነው፤ ኬሚካል ካልተረጨበት ጓሮ የተቆፈረ። ዳቦና የበሬ ሥጋ አይሆነውም። ከዓሣ ጋር አትቀላቅሉት፤ ዓሣው ስንጥቡን ይነክሳል፣ እሱም ዓሣውን ይውጣል። ቆዳው ስስ ስለሆነ በእጅ አይያዝም። ልጆች ይህን ካሁኑ ይወቁት፤ የሚታይ እንጂ የሚታቀፍ እንስሳ አይደለም።

ሆዳቸው ቀይ የሆነውን ትንንሾቹን የውሃ ሳላማንደሮች ለጠየቃችሁን፦ እነሱ በመስታወቱ ላይ ተንጠላጥለው ይወጣሉ፣ ጥብቅ ክዳን ይፈልጋሉ፤ ቆዳቸውም መርዝ ስላለው ከነካችኋቸው እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የቀረው አያያዝ ከአክሶሎትል ጋር ይቀራረባል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናችኋለን። ማሳደግ ቢያቅታችሁ እንስሳውንም ሆነ እንቁላሉን በቀሃ፣ በአንገረብ ወይም በጣና አትልቀቁ፤ የአኳሪየሙንም ውሃ ወንዝ ውስጥ አትድፉ። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ሳላማንደር በተፈጥሮ የለም። ከውጭ የመጣ እንስሳ ደግሞ የአገራችንን እንቁራሪቶች የሚገድል የቆዳ ፈንገስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። እምቦጭ በጣና ላይ ያደረሰውን ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። ወደ እኛ መልሱት፤ ሳንጠይቅ እንቀበላለን።

ከሰኔ የመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በትእዛዝ ቅደም ተከተል እናስረክባለን። ውሃችሁን ለማስመርመር በዚያው ዕለት የቀዳችሁትን በንጹሕ ሃይላንድ ይዛችሁ ኑ፤ ምርመራው በነጻ ነው። ለመጠበቅ የማይመቻችሁ ደረሰኛችሁን አምጡ፣ ቀብዳችሁ ሙሉ በሙሉ ይመለስላችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአኳሪየም ሱቃችሁ፣ ጎንደር